ስለ ሳንሱር የተጻፉ ልብ ወለዶችን ከአቦል እስከ በረካ እንዴት እናንብብ

ደሴ፣ ሸዋበር አካባቢ እኛ ቤት በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ከሰዓት ስድስት ሰባት ሰው ሆነን መጽሐፍ እናነባለን። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። ዘንድሮ ያነበብነው የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና የሬይ ብራድበሪን «ፋራናይት 451» ነው። የመጀመሪያው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1949፣ ሁለተኛው በ1953 ነው። በየሰፈራችሁ ልትሞክሩት ካሰባችሁ እኛን የረዳንን ልንገራችሁ።

ስለ እንግሊዝኛው አብሽሩ። ከመካከላችን የሚያነቡት ሦስት ናቸው፤ ለሌላው በአማርኛ ይተርካሉ። ያልገባህን ነገር መተረክ ስለማትችል አንባቢውም ይጠቀማል። እሱም ከከበዳችሁ ከበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ጀምሩ። የዚያ መጽሐፍ ዋና ገጸ ባሕሪም የፕሮፓጋንዳ ሠራተኛ ነው። በ1975 ታትሞ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በ1976 የካቲት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ከዚያ አንድ ገጽ ምረጡ። መጽሐፉን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሩጡ። እኛ ከቸኮሌቱ ጀመርን። የ«1984»ቱ ዊንስተን ስሚዝ የእውነት ሚኒስቴር ውስጥ ተቀምጦ፣ መንግሥት ዛሬ ከሚለው ጋር እንዲስማማ የድሮ ጋዜጣ ያርማል። አንድ ቀን የቸኮሌት ራሽን ከ30 ግራም ወደ 20 ይወርዳል። በማግስቱ መሪውን «ወደ 20 ግራም ከፍ ስላደረግህልን እናመሰግናለን» የሚል ሰልፍ ተደረገ ይባላል። ሰዉም አምኖ ይውጠዋል። ይህን ገጽ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡና ዝም በሉ። አትተንትኑት። ሰው ራሱ ማውራት ይጀምራል።

እኛ ቤት ያወራችው እናቴ ናት። አቦሉን እየቀዳች ነበር። የቆቦ ልጅ ናት፤ የ65ቱን ረሃብ በልጅነቷ አይታለች። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጠችና «ልጆቼ፣ እኛ አስፋልቱ ዳር ተኮልኩለን ነበር» አለች። «ከሻይ ቤቱ ራዲዮ ይሰማል። ዘፈኑም አለ፣ ጃንሆይ የጎበኙትም ይወራል። ስለ እኛ ግን አንድም ቃል የለም።» ስኒዎቹ ሳይነሱ ቀዘቀዙ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ የታሪኩን ቀን አጣሩ። «ይሄማ የእኛው ታሪክ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትምህርቱ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነው። እኛ ሁለት ሳምንት ፈጀብን። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየቀጠለ ለሕዝብ አስተላለፈው። ረሃቡ እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። ግን ቆርጦ የሚቀጥል እጅ መሀል ገብቷል። ያው ደርግ በመስከረም 1977 አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው እየረገፈ ነበር፤ በዓሉ እስኪያልፍ ግን ወሬው ታፈነ። ዓለም ያየው በጥቅምት፣ ከቢቢሲ ነው። የዊንስተን ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ እነዚህን ቀኖች በአንድ ወረቀት ላይ ከጻፍኳቸው በኋላ ነው።

በቶናው ወደ «ፋራናይት 451» እለፉ። እሳት አደጋ ሠራተኞች መጽሐፍ የሚያቃጥሉበት አገር ነው። ሁሉም ስለ እሳቱ ማውራት ይፈልጋል። እናንተ ግን አለቃው ካፒቴን ቢቲ ወደሚናገርበት ቦታ ውሰዷቸው። ነገሩ ከመንግሥት አልተጀመረም ይላል። ሰዉ አጭር አጭሩን ፈለገ፣ ማንም ቅር እንዳይለው ተባለ፣ መጽሐፉ እያጠረ እያጠረ ሄደ። እሳቱ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄው ወደ ራሳችሁ ይዙር። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን፣ ማለትም ሳንሱርን፣ ይከለክላል። ታዲያ በዚህ ሳምንት ጽፋችሁ ያጠፋችሁት ምንድን ነው? ለማን ብላችሁ? አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፌስቡክ ላይ ሊለጥፈው ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ያጠፋውን ነገረን። ስለ ጎረቤቱ ሐዘን ነበር፤ የፈራው የዘመድ ኮሜንት ነው። እኔም ተናገርኩ። ከአንድ ግጥም ሁለት ስንኝ ዘልዬ አስተምሬ አውቃለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ወላጅ ይቆጣ ይሆናል ብዬ ነው።

በረካ ላይ ሁሉም አንድ ገጽ በቃሉ ይያዝ። ብራድበሪ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ መጽሐፍ በቃላቸው የያዙ ሰዎችን ያመጣል። ለወሎ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። መንዙማው ከሼህ ወደ ደረሳ በቃል ሲወርድ ኖሯል፤ ዋድላ ላይም የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን በቃሉ ይይዛል። ልጆቹ የቸኮሌቱን ገጽ ተካፈሉት። እኔ የዘለልኳቸውን ሁለት ስንኞች ያዝኩ። ሰኞ ጠዋት፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ለተማሪዎቼ አልኳቸው።