ምጣድ ሲሰካ መብራት የሚደክምበት ቤት

ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ይደክማል። ትንሽ ቆይቶ ባልቦላው ይቃጠላል። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አሮጌ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ባቡሩ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከዚራም ከባቡሩ ጋር የተነሳ ሰፈር ነው። በእነዚያ ቤቶች ሽቦ ሲዘረጋ ማን ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ አስቦ? የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ነው። በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል ማለት ነው። ለመብራት የተዘረጋ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ ያውም ያረጀ፣ ያውም በድሬ ሙቀት፣ ይህን ተሸክሞ ሙሉ ጋገራ አይዘልቅም።

እባካችሁ ባልቦላውን በወፍራም ሽቦ አትተኩት። እሱ የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው እንዳይቃጠል ነው። ለምጣዱ ብቻ ከዋናው ሳጥን የሚነሳ 4 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ መስመር ከ20 አምፔር ብሬከር ጋር አስዘርጉ።

ሶኬቱ ከሞቀ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተስ? የእናቴን ሳሎን ሶኬት ዋናውን አጥፍቼ፣ በቴስተር አረጋግጬ ፈታሁት። የሽቦውን ላስቲክ በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። መዳቡ ራቁቱን ቀረ። እንዲህ ሲሆን ናስትሮ ጠምጥሞ መመለስ ራስን ማታለል ነው። የሚታየው ጫፍ እንዲህ ከሆነ የማይታየውም አርጅቷልና ሽቦው ይለወጥ። ገንዘብ ካጠረ ብዙ ኃይል ከሚስበው ከማድቤት ጀምሩ። እኛም እንደዚያ ነው ያደረግነው።

ፍሪጁ በባዶ እግር ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ወዲያው ንቀሉት። አሮጌ መስመር ብዙ ጊዜ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ኤርዝ፣ ማለትም ያፈሰሰውን ኃይል ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ የለውም። ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ስላያችሁ አትተማመኑ፣ ከጀርባው ሦስተኛ ሽቦ ላይኖር ይችላል። ፍሪጁን አስመርምሩ፣ ኤርዝም አስቀብሩ። ደረቅ አፈር ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ ባለሙያው የኤርዙን ብረት ዘንግ ቀብሮ ብቻ እንዳይሄድ፤ በመሣሪያ ይለካው። መስመሩ 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከርም ጨምሩበት። ኤርዙን ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰር ግን አይሞከርም፤ ቧንቧ የነካ ልጅ ሊያዝ ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ አንዱ ክፍል ደብዝዞ ሌላው ከወትሮው በላይ ቦግ ሲል ነው። ኑትራሉ፣ ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ፣ ላልቷል ወይም ተቆርጧል ማለት ሊሆን ይችላል። ቴሌቪዥኑን ልንቀል ሳትሉ ዋናውን አጥፉና ለመብራት ኃይል ደውሉ። ቆጣሪው ጋ ያለውን ሽቦ ራሳችሁ አትንኩ።