ሁሉም ይዞ የሚመጣበት ኅብረት

ሰዎች «እኛም ቤት ውስጥ መሰብሰብ ጀመርን» ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ባለፈው ጊዜ ስንት ሰው ተናገረ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ሁለት ወይም ሦስት ነው። አንዱ አስተማረ፣ አንዷ አዘመረች፣ ሌላው በጸሎት ዘጋ። የቀረው አሜን አለ። ይሄ ወንበሩ በሶፋ ከመለወጡ በቀር ያው የለመድነው ጉባኤ ነው።

እኔ የቤት ኅብረት አስተባብራለሁ። ጥሩ ስብከት እወዳለሁ፤ ጉባኤ ይፍረስ የምል ሰው አይደለሁም። ግን 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥26 ላይ ጳውሎስ ስለ መሰብሰብ ሲጽፍ እያንዳንዱ መዝሙር፣ ትምህርት፣ መግለጥ እንዳለው ይናገራል። እያንዳንዱ! 300 ሰው በሞላው አዳራሽ ይህን እናድርግ ቢባል ሰዓቱ አይበቃም። ጵርስቅላና አቂላ ቤት (ሮሜ 16፥5) ወይም ፊልሞና ቤት ይሰበሰቡ ለነበሩት ግን ይበቃል። ለእናንተም ይበቃል፤ ካሰባችሁበት ማለቴ ነው። ነፃ ነው ተብሎ ዝም ብሎ የተተወ ስብሰባ ድምፁ ከፍ ያለ ሰው እጅ ነው የሚወድቀው።

የሰዉን ቁጥር ከ8 እስከ 12 አድርጉት። ከዚያ ካነሰ ሁለት ሰው የቀረ ቀን ቤቱ ይቀዘቅዛል። ከበለጠ ዝምተኞቹ መደበቂያ ያገኛሉ። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራቹ ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1742 በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ የጀመራቸው የሜቶዲስት ቡድኖችም 12 ሰው ገደማ የሚይዙ ነበሩ። (የሚገርመው ቡድኖቹ መጀመሪያ የተዋቀሩት ለጸሎት ቤቱ ዕዳ ከየሰዉ በሳምንት አንድ ፔኒ ለመሰብሰብ ነበር። ስለ ነፍስ መጠያየቁ የመጣው ገንዘብ ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ የሰዉን ኑሮ በማየታቸው ነው።)

ዋናው ሥራ ያለው ከስብሰባው በፊት ነው። የምታነቡትን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ከሦስት ቀን በፊት በግሩፑ ላኩ። አጭር ይሁን፤ ከ10 እስከ 15 ቁጥር ይበቃል። ሁሉም ሰው አንድ ነገር ይዞ እንዲመጣ ንገሩ፦ ያልገባውን ጥያቄ፣ የነካውን ቁጥር፣ በሳምንቱ የገጠመውን፣ ወይም አንድ መዝሙር። ድምፄ አያምርም የሚል ግጥሙን ያንብብ። ከተነበበው መዝሙር ውስጥ ከተዘመረው በላይ ልብ የሚነካ ብዙ አለ። በየሳምንቱ ደግሞ ለአንድ ዝምተኛ ሰው በግል «ዛሬ ንባቡን አንተ ትጀምርልናለህ?» ብላችሁ ጻፉ። መሀል ላይ በድንገት «እስቲ አንተ ጸልይ» ብሎ ስም መጥራት ሰው ያስደነግጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀራል።

ስትቀመጡ ክብ ሥሩ። አስተባባሪው ሁሌ አንድ ወንበር ላይ አይቀመጥ፤ በሁለተኛው ሳምንት ያ ወንበር መድረክ ይሆናል። ክፍሉን ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። ከዚያ ዝም በሉ።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ኅብረት የሚበላሸው። ዝምታው ያስጨንቃል፤ ግማሽ ደቂቃው አምስት ደቂቃ ይመስላል። አስተባባሪው አላስችል ብሎት ማብራራት ይጀምራል። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስብከት ነው። ዝምታውን ያዙት! አንድ ሰው መናገሩ አይቀርም። ጥያቄ ሲነሣም የሁሉም ዓይን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ወደ ገባው ሰው ይዞራል። እሱ መልሱን ቢያውቀውም ቶሎ አይመልስ። «የትኛው ቃል ነው ይህን ያስጠየቀህ?» ብሎ ሰዉን ወደ ክፍሉ ይመልስ። ሌሎቹ ከተናገሩ በኋላ የሚያውቀውን ቢጨምር ማንም አይከፋም፤ ይጠቅማልም።

በየኅብረቱ ደግሞ አንድ ጋሼ አለ። ሲጸልይም ሲያካፍልም ሃያ ደቂቃ። ሰው ፊት ማሳፈር አያስፈልግም። ትንፋሽ ሲወስድ «ጋሼ፣ ይህን እንያዘው፤ ከወዲያ በኩል ደግሞ እንስማ» ማለት ይቻላል። በማግስቱ ለብቻ ቡና ላይ «እርስዎ ሲናገሩ ወጣቶቹ ይፈራሉ፤ አንድ ሁለቱን እንዲናገሩ ያበረታቱልኝ» በሏቸው። ይህን ኃላፊነት ሲቀበሉ አብዛኞቹ ይለወጣሉ። ጳውሎስም እዚያው 1ኛ ቆሮንቶስ 14፣ ቁጥር 30 ላይ፣ ለተቀመጠው ሰው ሲገለጥለት የፊተኛው ዝም ይበል ብሏል። ራሱ ጳውሎስ እንኳ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስረዝም አውጤኪስ የሚባል ወጣት እንቅልፍ ጥሎት ከሦስተኛው ፎቅ ወድቋል (ሐዋርያት ሥራ 20)።

ጸሎቱን አሳጥሩት። አንድ ሰው አንድ ነገር ይጸልይ፤ ከፈለገ ቆይቶ ይመለስ። ርእስ ሲሰጥ ደግሞ ሰው የራሱን ጉዳይ ብቻ ይናገር። «ለእገሊት እንጸልይላት፣ ባሏ እኮ…» ከተባለ ጸሎት መሆኑ ቀርቶ ሐሜት ሆኗል። እዚያ የተነገረ ነገር በግሩፑም ቢሆን አይጻፍ።

ሁሉም ይናገር ካላችሁ አንድ ቀን የተሳሳተ ትምህርት መምጣቱ አይቀርም። አትደንግጡ፤ አትለፉትም። 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29 ነቢያት ሲናገሩ ሌሎቹ ይለዩአቸው ይላል፤ የተባለውን ይመዝኑ ማለት ነው። «የት ተጽፏል?» ብላችሁ አብራችሁ አንብቡ፤ ካልተቋጨ ለሚቀጥለው ሳምንት አሳድሩት። በአንድ ነገር ግን አልደራደርም። ማንም ለማንም «ጌታ እከሌን አግባ ብሏል»፣ «ገንዘብህን ስጥ ብሏል»፣ «መድኃኒትሽን አቁሚ ብሏል» ብሎ ለብቻ መልእክት አይሰጥም። ያለው ነገር ካለ ሌሎች ባሉበት ይናገር፤ ይመዘን። መድኃኒት ማስቆም ግን ለመመዘንም አይቀርብም።

የጌታን እራት በተመለከተ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደመጣችሁ አስቀድማችሁ ተጠያየቁ። ያለ ካህን ወይም ያለ መጋቢ አይሆንም ብሎ የሚያምን ሰው ካለ አታስጨንቁት። አብሮ መብላትና ማመስገን ለማንም አይከለከልም፤ ብዙ ጊዜ እሱም ይበቃል። ገንዘብ በቋሚነት አትሰብስቡ። የተቸገረ ሲኖር ለዚያ ሰው አዋጡ፤ ያዋጣችሁትንም ሁለት ሰው ይወቀው። ልጆች ለመዝሙሩና ለማዕዱ ይቀላቀሉ፤ ወደ ሌላ ክፍል ሲሄዱ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አብረዋቸው ይሁኑ፣ አንድ ሰው ብቻውን አይሁን።

ሶርያ ውስጥ ዱራ አውሮፖስ በምትባል ጥንታዊ ከተማ የተገኘ የክርስቲያኖች ቤት አለ። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሁለት ክፍሎች መካከል የነበረው ግድግዳ ፈርሶ አዳራሽ ሆኗል። ለምን እንዳፈረሱት ይገባኛል። እናንተ ግን 14 ስትሆኑ ግድግዳ አታፍርሱ፤ ተከፈሉ። ቀጣዩን ቤት የሚከፍቱት ሰዎች ከሁለት ወር በፊት ጀምረው ስብሰባውን ይምሩ። ቀኑ ሲደርስ ነባሩ አስተባባሪ ከሚወጡት ጋር ይውጣ። ከቀሩት ጋር ከቀረ ሁሉም እሱን ማየታቸውን ይቀጥላሉ።