ትንበያው ዋሸ ወይስ እኛ ጋ ሲደርስ ተበላሸ? ለጎንደርና ለደምቢያ ሰው

ክረምት በገባ ቁጥር ስሞታው ያው ነው፦ «የአየር ትንበያ ብሎ ነገር ውሸት ነው።» አንዳንዴ በእርግጥ ይስታል። ብዙ ጊዜ ግን መልእክቱ ደህና ይነሳና መንገድ ላይ ይበላሻል። ስልኩን ከመርገማችን በፊት የቱ ጋ እንደተበላሸ እንይ።

ችግር፦ እዚህ ጠብታ የለም፣ ወንዙ ግን ሞልቶ መጣ

ምክንያቱ የመገጭ ወንዝ ነው። መገጭ የሚሞላው ከጎንደር በላይ ባለው ደጋ በሚጥለው ዝናብ ነው። በአዘዞ በኩል ይወርድና የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ቆላ ድባ ያለ ሰው ስልኩን ሲከፍት የሚያየው ግን የቆላ ድባን ሰማይ ነው። ደጋው ላይ ከሰዓት የዘነበው ውሃ ሜዳው ላይ ሲደርስ መሽቶ፣ ሰውም ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ሜዳው ደግሞ ዝርግ ነው። ክረምቱ ሲገፋ ጣና ራሱ ስለሚሞላ ውሃው መሄጃ ያጣል። ርብና ጉማራ ወንዞችም ፎገራ ሜዳ ላይ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ሁለቱንም ሜዳ እንዴት እንዳጥለቀለቀ የሚያስታውስ ብዙ ነው።

መፍትሄው ግማሹ ስልክ፣ ግማሹ ሰው ነው። የስልኩ የአየር ትንበያ አፕ ላይ ከራሳችሁ ቦታ ሌላ ጎንደርንም ጨምሩ። ከዚያ ሰኔ ሳይገባ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ደዋይ ምረጡ። ሁለት ያልኩት አንዱ ገበያ ሊሄድ ስለሚችል ነው። ደዋዩ «በጣም ዘንቧል» ቢል ዋጋ የለውም። «ውሃው ከድልድዩ በታች ያለውን ድንጋይ ሸፈነ» ይበል። ምልክቱን ሁሉም አስቀድሞ ይወቀው። የካርዱን ሂሳብ እድሩ ቢችል ጥሩ ነው፤ በራሱ ካርድ ክረምቱን ሙሉ የሚደውል ሰው አይገኝም።

ችግር፦ ማስጠንቀቂያው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ደረሰ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም ሊከተል ይችላል። ወይም ወረቀቱ አርብ ማታ ወረዳ ደርሶ ሰኞን ይጠብቃል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ቤት ውስጥ ይኑር። ደወልና የመስጊድ ድምፅ ማጉያም ይሠራሉ፣ ከሚመለከታቸው ጋር አስቀድሞ ከተስማማችሁ። የእድር ጥሩንባ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ሰው የሚሰማው ለቅሶ ብሎ ነው። አነፋፉን ለዩት።

ችግር፦ ሰዓቱ አልገጠመም

ስልኩ 15 ሰዓት ካለ 6 ቀንሱ፣ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። «ዩቲሲ» (UTC፣ ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የሚል ካለበት 3 ብቻ ቀንሱ። ቀኑንም እዩ፤ ኦገስት 15 ማለት ነሐሴ 9 ነው።

ችግር፦ ክረምቱ ከመደበኛ በላይ ይሆናል ተባለ፣ አልሆነም

የወቅት ትንበያ በሦስት ተከፍሎ ነው የሚሰጠው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ 45፣ 35፣ 20 ከመቶ ቢባል፣ ሬዲዮ ላይ የሚቀረው «ከመደበኛ በላይ» የምትለዋ ብቻ ናት። የቀሩትን 55ቱን የሚጠቅስ የለም። ትንበያው ደግሞ የወቅቱን ድምር ነው የሚናገረው፣ የእናንተን ማክሰኞ አይደለም። የዕለት አፕም ቢሆን ሰማዩን በሰፋፊ ካሬ ነው የሚያየው፤ ትንበያ ከሚያሰሉት የታወቁ ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ሞዴሎች አንዱ የአውሮፓው ሲሆን የካሬው ጎን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፒያሳ ዘንቦ ማራኪ ደረቅ ቢሆን አይገርምም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማስጠንቀቂያውን ሁለት ደረጃ አድርጉት። «ተዘጋጁ» ሲባል እህሉ ከፍ ይበል፣ ከብቱ ወደ ደረቅ ቦታ ይነዳ። ዝናቡ ቢቀር የጠፋው የአንድ ቀን ድካም ነው። «ውጡ» የሚለው ወንዙ ምልክቱን ሲያልፍ ብቻ ይባል። በየደመናው «ውጡ» ከተባለ ሦስተኛው ላይ የሚሰማ አይኖርም።

ችግር፦ ሌሊቱን ዘንቦ የዝናብ መለኪያው ባዶ ነው

ቅጠል ደፍኖታል፣ አለዚያም ጣሪያ ወይም ዛፍ ከልሎታል። አጽዱት፤ ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ አርቁት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብቡት። መለኪያ ከሌለ አፉና ታቹ እኩል የሆነ ጣሳና ማስመሪያ ይበቃል። 10 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው።

ችግር፦ «ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት መሬት ይንቀጠቀጣል» የሚል መልእክት መጣ

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ እንዲህ ያለ ወሬ ሰው ያስደነግጥ ነበር። ጎንደርም መንቀጥቀጥ አታውቅም አይባልም፤ የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት በ1704 እ.ኤ.አ. በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቷል። ግን ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር ሳይንስ እስካሁን የለም። ስልኮች የሚሰጡት ማስጠንቀቂያም መንቀጥቀጡ ከጀመረ በኋላ የሚላክ የሰከንዶች ዕድሜ ያለው ነው። ስለዚህ ሰዓት የተጻፈበት መልእክት ከመጣ ለማንም አታስተላልፉ። የላከላችሁን ሰው ከማን እንዳገኘው ጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ወሬው እዚያው ይቆማል።