ከጥንት መቃብር የሰዎችን ማኅበራዊ ደረጃ እንዴት እንለያለን?

ጽሕፈት ባልነበረበት ዘመን አውሮፓ ውስጥ ማን ሹም፣ ማን ተራ ሰው እንደ ነበር ለማወቅ ዋናው ማስረጃ መቃብር ነው። ወርቅ የተገኘበት ሁሉ ግን የሹም መቃብር አይደለም።

መጀመሪያ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ። ለእያንዳንዱ መቃብር አንድ ረድፍ ይስጡ፤ ዕድሜን፣ ጾታን፣ የአስከሬኑን አቀማመጥ፣ የጉድጓዱን ስፋትና ጥልቀት፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከየትኛው የሰውነት ክፍል አጠገብ እንደ ተገኘ ይመዝግቡ። የተዘረፈውን "ባዶ" ብለው አይጻፉ፤ ባለጠጋው ከድሃ ጋር ይቆጠርብዎታል።

ቀጥሎ ጾታን ከአፅሙ ይለዩ፣ ከዕቃው በጭራሽ። በስፔን ቫሌንሲና ሙሉ የአፍሪካ ዝሆን ጥርስ ይዞ የተቀበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲቆፈር ወንድ ነው ተብሎ ነበር። በጥርሱ ኢናሜል (ጠንካራው የላይኛ ሽፋን) ውስጥ ያለው፣ በወንድና በሴት የሚለያየው አሜሎጄኒን የተባለ ፕሮቲን ሲመረመር ሴት መሆኗ ታወቀ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታተመ። የዳሌ አጥንት ሲፈራርስ ኢናሜል ይተርፋል። የሕፃናት ጾታም ከአጥንት ስለማይለይ ይኸው ዘዴ ይጠቅማል።

ዕቃውን ሲመዝኑ ፍሬ አይቁጠሩ፤ አንድ ሺህ ዶቃ የአንድ ሰው ሐብል ሊሆን ይችላል። የዓይነቱን ብዛት፣ የመጣበትን ርቀትና የፈጀውን ድካም ይዩ።

ከዚያ ወደ ሕፃናቱ ይሂዱ። ለማዕረግ የሚያበቃ ሥራ ለመሥራት ያልደረሰ ሕፃን በውድ ዕቃ ከተቀበረ ደረጃው የወላጆቹ ነው፤ ማዕረግ ይወረስ ነበር ማለት ነው። አዋቂዎች ብቻ ከሆኑ ግን ምናልባት በሥራ የተገኘ ነው። ሕፃናት ጭራሽ ሌላ ቦታ የሚቀበሩ ከሆነ ይህ ሙከራ አይሠራም።

በመጨረሻ ግምትዎን ራሱን ይፈትኑ። ሟች ራሱን አይቀብርም፤ ዕቃውን የመረጡት ቀባሪዎች ናቸው። በቡልጋሪያ ቫርና፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4500 ዓመት ገደማ፣ በ43ኛው መቃብር ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር 1.5 ኪሎ ያህል ወርቅ ተቀብሯል። እዚያው ግን በወርቅ ከተሞሉት መቃብሮች አንዳንዶቹ አፅም የላቸውም! ሀብት ያለ አስከሬን ከተቀበረ ወርቁ የአንድ ሰው ንብረት ብቻ ሳይሆን የሥርዓት ዕቃም ሊሆን ይችላል። አፅም ባለበት የካርቦንና የናይትሮጅን አይሶቶፖችን (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ ዓይነቶችን) ያስለኩ፤ ባለወርቁ ከጎረቤቱ የተለየ ምግብ ይበላ እንደ ነበር ያሳያሉ። ዓሣ አዘውትሮ የበላ ሰው አጥንት በራዲዮካርቦን (በካርቦን-14 ዘመንን በመለኪያ ዘዴ) ሲለካ ከእውነተኛው ዕድሜ በላይ ሊያረጅ ስለሚችል፣ ዘመኑን በዚያው መቃብር ካለ የየብስ እንስሳ አጥንት ጋር ያስተያዩ።