አባባ ፈዘዋል? መጀመሪያ ግፊታቸው ይለካ

ምልክቱ

ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል። ድሮ ድባቴ የሚባል ነገር አያውቃቸውም። አሁን ግን ፈዘዋል። ሲጠሯቸው ዘግይተው ነው የሚመልሱት። ጎረቤት ለቅሶ ሲኖር እንኳ ለመነሳት ይከብዳቸዋል። አያለቅሱም፤ "ከፋኝ"ም አይሉም። ስለዚህ ቤተሰቡ "እርጅና ነው" ብሎ ይተወዋል። ሲብስም "ሰነፉ" ይባላሉ። ይህ ቃል በጣም ያሳዝነኛል። እሳቸው አቅቷቸው እንጂ ጠልተው አይደለም።

ከጀርባው ምን አለ?

ለዓመታት ያልታከመ ደም ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራ የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳሉ። ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ሲያንስ የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ከውስጠኛው ጋር የሚያገናኙት መስመሮች ይላላሉ። አንድን ነገር አስቦ ለመጀመር የምንነሳሳው በእነዚህ መስመሮች ነው። ጉዳቱ በኤምአርአይ (የአንጎልን ምስል በሚያነሳው መሣሪያ) ነጫጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። (ነጠብጣቡ ጤነኛ አዛውንት ላይም ስለሚገኝ ብቻውን አያስደንግጣችሁ።) በ1997 እ.ኤ.አ. አሌክሶፖሎስ የተባሉ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ይህን "የደም ሥር ድባቴ" ብለው አቀረቡት። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎችም ከ3ቱ 1 ያህሉ ድባቴ ይይዛቸዋል።

ምን ይደረግ?

ግፊታቸው ይለካ። ከቡና በኋላ ወዲያው አይሁን፤ 5 ደቂቃ አረፍ ይበሉ። በተለያዩ ቀናት 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይያቸው። ስኳር፣ ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢና ቫይታሚን ቢ12 አብረው ይታዩ፤ እነዚህም ሰውን ያፈዝዛሉ።

የግፊት ኪኒን "ተሻለኝ" ተብሎ አይቋረጥም። ጸበል የሚጠመቁም ኪኒናቸውን ይዋጡ።

የድባቴ መድኃኒት ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል። የልብ ሕመም ካለባቸው ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት የልብ ምትን ሊያዛባ፣ አዛውንትንም ሊጥል ይችላል።

ቤት ውስጥ የሚሠራውም ቀላል አይደለም። "ተነሱና ወጣ በሉ" አትበሏቸው። የተጎዳው መጀመሩ ነውና አብራችሁ ጀምሩላቸው። ጫማቸውን አቀብሏቸው። እስከ በሩ አብራችሁ ሂዱ። ነገ እስከ ሱቁ። ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ይሁን።

"መሞት ይሻለኛል" ካሉ ብቻቸውን አትተዉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። ፊታቸው በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተንተባተበ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። የጀመረበትን ሰዓት ያዙና በፍጥነት ሆስፒታል አድርሷቸው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ሰዓቱን ነው።