ከአልጋ ስር አልወጣ ያለችውን ድመት ያላመድኩበት መንገድ

እዚህ ሜሪላንድ ካለ የእንስሳት መጠለያ ቋሚ አሳዳጊ እስክታገኝ በአደራ የተቀበልኳት ድመት አሥር ቀን ሙሉ ከአልጋ ስር አልወጣችም። የምትበላው ሌሊት፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ብቻ ነበር። እጄን ስሰድ ጆሮዋን አጣጥፋ እፍ ትላለች። መጠለያው ውስጥም ሰው ሲመጣ ጥግ ስለምትይዝ የሚመርጣት አልተገኘም።

ስህተቴ ቤቱን ሁሉ ለእሷ ክፍት ማድረጌ ነበር። ፈሪ ድመት ሰፊ ቦታ ያስጨንቃታል። ወደ ትንሿ ክፍል አዛወርኳት፤ የአልጋውን ስር ዘጋሁና በምትኩ በሁለት በኩል በር ያወጣሁለት ካርቶን ውስጥ የለበስኩትን ሹራብ አንጥፌ ሰጠኋት። መደበቂያ ያስፈልጋታል፤ ግን እኔም የምደርስበት መሆን አለበት።

ከዚያ በየማታው መሬት ላይ ጎኔን ሰጥቻት እቀመጥ ጀመር። ማፍጠጥ ለድመት ዛቻ ነው። ዓይኔን ቀስ ብዬ ስጨፍንና ስገልጥ ግን እሷም ትመልስልኛለች፤ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2020 ይህንኑ በጥናት አሳይተዋል። የተቀቀለ ዶሮ አድቅቄ በረጅም ማንኪያ ዘረጋሁላት (ጨውና ሽንኩርት በፍጹም፤ ሽንኩርት ድመትን ይመርዛል)። በየቀኑ ማንኪያውን ትንሽ ትንሽ ወደ እኔ ሳብኩት። በአራተኛው ሳምንት ግንባሯን እጄ ላይ አሸች። አለቀስኩ።

ስትጫወት በስልኬ ቀርጬ ለመጠለያው ላክሁ። ሊያዩዋት የፈለጉትንም እዚሁ፣ በለመደችው ክፍል ተቀበልኳቸው። አንዲት እናት መሬት ላይ ተቀምጠው ማንኪያውን ያዙ፤ ዝም ብለው ጠበቁ፤ መጣችላቸው። ሹራቤን አብሬ ሰጠኋቸው።