የወረዳን የጤና በጀት አንብቦ በምክር ቤት መሟገት፦ ለጎንደርና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች

ጎንደር ላይ ስለ ጤና በጀት ክርክር ሲነሳ ነገሩ ብዙ ጊዜ «ለእኛ ክልል አልተሰጠም» በሚል ቅሬታ ተጀምሮ እዚያው ያበቃል። ቅሬታው መሠረት የለውም ለማለት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት በአዲስ አበባ 97 በመቶ ሲሆኑ፣ በአማራ ክልል 27 በመቶ፣ በአፋር ደግሞ 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ በሰሜን ጎንደር ተራራማ ወረዳዎች በጃናሞራና በበየዳ የምትኖር እናት ከጎንደር ከተማ ነዋሪ ጋር ያላት ልዩነትም ቀላል አይደለም፤ ይህን ልዩነት ከሚያሰፉት ወይም ከሚያጠቡት ውሳኔዎች መካከል ብዙዎቹ የሚተላለፉት ነዋሪ ገብቶ ሊናገርበት በሚችል የወረዳ ምክር ቤት ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ንግግር መዘጋጀት ለሚፈልግ ሰው ነው።

በመጀመሪያ ጥያቄዎ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለበት ይለዩ። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ ደግሞ የደረሰውን ገንዘብ ከራሱ ገቢ ጋር አድርጎ በራሱ ቀመር ለወረዳዎች በጥቅል ድጎማ (ለምን እንደሚውል አስቀድሞ ሳይዘረዘር) ያከፋፍላል፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለትምህርት፣ ስንቱ ለግብርና፣ ስንቱ ለጤና እንደሚውል የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት ነው። ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ በዋናነት የሚተዳደሩት በዚህ ገንዘብ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በጀት ግን በዩኒቨርሲቲው በኩል ከፌዴራል መንግሥት ስለሚመጣ፣ ስለ እርሱ ጉድለት የወረዳን ካቢኔ መውቀስ ጊዜ ማባከን ነው።

ቀጥሎ ሰነድ ይጠይቁ። የጸደቀው በጀት በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሊገኝ ይችላል፤ ካልተገኘ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ቢከለከሉ አቤቱታዎን ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላሉ። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ የዘንድሮው በጀት በሂሳብ መደብ (የወጪውን ዓይነት በሚለየው ቁጥር) ተዘርዝሮ፣ የአምናው የወጪ አፈጻጸም፣ እንዲሁም የእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የውስጥ ገቢ (ከታካሚ የሚሰበስበው ገንዘብ) እና አባላት መዋጮ ከሚከፍሉበት የጤና መድኅን ያገኘው ተመላሽ ክፍያ። የአምናው አፈጻጸም ከሌለ የዘንድሮው በጀት ከተስፋ ያለፈ ብዙ አይነግርዎትም።

ሰነዱ እጅዎ ከገባ በኋላ ዋናው ሥራ ማካፈል ነው። የጠቅላላ በጀትን መጠን ብቻ ይዞ ወረዳን ከወረዳ ማወዳደር እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው። ለማስረዳት ያህል ሁለት ወረዳዎችን እናስብ። አንደኛው 240,000 ሕዝብና 48 ሚሊዮን ብር የጤና በጀት፣ ሁለተኛው 100,000 ሕዝብና 30 ሚሊዮን ብር አላቸው እንበል። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ለመጀመሪያው 200 ብር፣ ለሁለተኛው 300 ብር ይደርሳል፤ ስለዚህ ሁለተኛው የደላው ይመስላል። አሁን ደመወዙን ይቀንሱ። የመጀመሪያው 38.4 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 27 ሚሊዮን ብር ለደመወዝ የሚያወጡ ቢሆን፣ ለመድኃኒት፣ ለነዳጅና ለጥገና የሚቀረው በነፍስ ወከፍ 40 ብርና 30 ብር ነው። ብልጫው ተገለበጠ። ይህ የሚሆነው ሕዝቡ ተበታትኖ በሚኖርበት ደጋ ላይ ትንሽ ቀበሌም ቢሆን እንደ ትልቁ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለሚያስፈልጉት፣ የደመወዙ ሸክም ለጥቂት ሰው ስለሚከፋፈል ነው። የቀረችው 30 ብር ደግሞ አምቡላንሱ በገደል መንገድ ረጅም ሰዓት ሲጓዝ በነዳጅ ታልቃለች። የሰሜን ጎንደር ተራራማ ወረዳዎችን ጥያቄ በምክር ቤት የሚያስረዳ ሰው ይህን ስሌት ሠርቶ ሳይገባ ባይናገር ይሻላል።

በሰነዱ ላይ በ61 የሚጀምሩት የሂሳብ መደቦች የሠራተኛ ወጪ፣ በ62 የሚጀምሩት የዕቃና የአገልግሎት ግዢ፣ በ63 የሚጀምሩት የቋሚ ንብረትና የግንባታ ወጪ ናቸው። 6214 የሕክምና አላቂ ዕቃዎችን፣ 6217 ደግሞ ነዳጅና ቅባትን ያመለክታል፤ ዓይንዎን በተለይ በእነዚህ ሁለት ላይ ያሳርፉ።

የሚያካፍሉበትን የሕዝብ ቁጥርም ይመርምሩ። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዛሬ በእቅድ ላይ የሚሠፍረው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው። በመተማና በቋራ ቆላ ደግሞ በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በነዋሪነት አይቆጠርም፤ ወባውና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ግን ነዋሪና እንግዳ አይለዩም። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ ሕመሙን ይዘው ወደ ቀያቸው ስለሚመለሱ፣ የአንዱ ወረዳ የጤና ወጪ በሌላው ወረዳ ጤና ጣቢያ ላይ ይወድቃል። የምዕራብ ጎንደር ነዋሪ ከሆኑ በበጀት ክርክሩ ውስጥ ከዚህ የበረታ ማስረጃ አያገኙም።

ስለ ውስጥ ገቢ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህን በራሴ ዓይን አይቼዋለሁ። ጤና ተቋማት ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት የተፈቀደው ከመንግሥት በጀት በተጨማሪነት እንጂ በምትክነት አይደለም። በኅብረተሰብ ተወካይነት በተቀመጥኩበት የአንድ ጤና ጣቢያ ቦርድ ግን «የውስጥ ገቢ አላችሁ» በሚል ምክንያት የመድኃኒት በጀታችን ሁለት ዓመት በተከታታይ ባዶ ሆኖ መጣ። ውጤቱ የታመመው ሰው ራሱ የመንግሥትን ድርሻ እንዲከፍል ማድረግ ነበር፤ ዛሬም ባስታወስኩት ቁጥር ያመኛል። ስለዚህ የሁለት ዓመት የውስጥ ገቢንና የ6214ን በጀት ጎን ለጎን ይጻፉ። አንዱ ሲያድግ ሌላው የሚቀንስ ከሆነ ምክንያቱን በግልጽ ይጠይቁ። የጤና መድኅኑም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከመካከላቸው አንዷ የደቡብ ጎንደሯ ፎገራ ነበረች፤ መዋጮውን የከፈለ ገበሬ ጤና ጣቢያው መድኃኒት አጥቶ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ከተላከ በሚቀጥለው ዓመት ላያድስ ይችላል።

በስብሰባው ላይ ሊነሱ የሚችሉ ተቃራኒ ሐሳቦችን በአክብሮት ይዘጋጁባቸው። አንዳንዱ ሰው አዲስ ሆስፒታል ይገንባ ይላል፤ ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አይደለም፣ ሪፈር ተጽፎለት በመንገድ ላይ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ሌላ ምን ሊመኝ ይችላል? ሆኖም ግንባታው የሚጠናቀቅበት ገንዘብ ቢገኝ እንኳ ሠራተኛውንና መድኃኒቱን በየዓመቱ የሚሸፍነው መደበኛ በጀት ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁ። ይህ ክርክር ለጎንደር አዲስ አይደለም። በደምቢያ ወባ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከጨረሰ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1947 ዓ.ም. እዚህ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠነው የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ነበር፤ ዓላማውም ገጠር ወርደው በጤና ጣቢያ በቡድን እንዲሠሩ ነው።

ሌላው በ1993 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ የመንግሥት በጀታቸውን 15 በመቶ ለጤና ለመመደብ ቃል መግባታቸውን ይጠቅሳል። ቃሉ የአገር በጀትን የሚመለከት ስለሆነ በቀጥታ ወረዳን አይለኩበት፤ የጤናው ድርሻ ባለፉት ሦስት ዓመታት ጨምሯል ወይስ ቀንሷል የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ያስኬዳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋልና። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ በአገሪቱ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል መቋረጡም ይታወሳል፤ በወረዳዎ በእርዳታ ይከፈል የነበረ ሥራ ካለ አሁን በየትኛው መደብ እንደተያዘ ይጠይቁ።

የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ በሰኔ መጨረሻ መምጣት ዘግይቶ መምጣት ነው። ጥያቄው በቀበሌ ደረጃ በክረምቱ ዋዜማ ሳይሆን ዕቅድ በሚዘጋጅባቸው በበጋ ወራት ይቅረብ። በጸጥታ ችግር መንገድ ተዘግቶ ስብሰባ መድረስ ካልተቻለ የነዋሪዎችን ፊርማ ይዞ በቀበሌው ተወካይ በኩል በጽሑፍ ይላክ። ሲናገሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይምረጡ፣ ገንዘቡ ከየት ተነሥቶ የት እንዲዛወር እንደሚፈልጉም ይግለጹ፦ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ አምና ለነዳጅ የተያዘው በጀት በስንተኛው ወር እንዳለቀ ይነገረን፤ ዘንድሮ ከስብሰባና ከአበል ወጪ ተቀንሶ ለአምቡላንስ እንዲጨመር እንጠይቃለን።» ከሩቅ ቀበሌ የመጣች አንዲት እናት ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አብራዎት ብትናገር ደግሞ ቁጥሩ ፊት ይኖረዋል። ጥያቄው በቃለ ጉባኤ መስፈሩን አረጋግጠው ይውጡ።

ጥር ላይ ወደ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ተመልሰው የስድስት ወሩን አፈጻጸም ይዩ። በ6217 ላይ የቀረው ከግማሽ በታች ከሆነ የበጀት ዝውውር እንዲደረግ ያን ዕለት ማመልከቻ ይጻፉ፤ የበጀት ዓመቱ የሚያልቅበት ሰኔ የዝናብ ወር ነው፣ አምቡላንሱ ይበልጥ የሚፈለገውም ያኔ ነው።